ረኃብና ጥጋብ፤ የእሽቅድድም እርግብ ቀለብ ታሪክ

መግቢያ

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከጣራው ሥር እርግቦች ይኖሩ ነበር። ከምሳ በኋላ ፍርፋሪ እንበትንላቸው ነበር፤ እነርሱም የወደቀውን ሁሉ ሳይመርጡ የሚለቅሙ ይመስለን ስለ ነበረ፣ «እርግብ ምን ትበላለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እንስቅበት ነበር። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍትን ስናገላብጥ ግን ይህ ጥያቄ የጦር አዛዦችን፣ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችንና የሳይንስ ሊቃውንትን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲያሳስብ የኖረ መሆኑን ተረዳን። ይህችን አጭር ጥናት ለማቅረብ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

የእሽቅድድም እርግብ የምንላት ከቤቷ ርቃ በተለቀቀች ጊዜ ፈጥና ወደ ቤቷ እንድትመለስ በዘር ምርጫና በልምምድ የተዘጋጀችውን እርግብ ነው። ለእርስዋ የሚሰጠው ቀለብ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ለክንፏ ኃይል መስጠት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ቤቷ መሳብ ነው። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። የጠገበች እርግብ ኃይል አላት፤ ነገር ግን ወደ ቤቷ ለመግባት አትቸኩልም። የተራበች እርግብ ትቸኩላለች፤ ነገር ግን መንገዱ ከረዘመ ጉልበቷ ያልቅና ትቀራለች። እንግዲህ አርቢው ማርካትም ማስራብም ይፈልጋል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የእርግብ ቀለብ ታሪክ፣ ሲያዩት፣ ከእህል ሁሉ የሚበልጠው እህል የተፈለገበት ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን ዕውቀቱ ወደ ፊት የተራመደው ሰዎች «የትኛው እህል ይበልጣል?» ማለትን ትተው፣ «ለየትኛው መንገድ? በየትኛው ቀን?» ብለው መጠየቅ በጀመሩ ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

1. የሮማውያን ልምድ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ዴኪሙስ ብሩቱስ የተባለው የሮማ መኰንን፣ ዛሬ ሞዴና በምትባለው በሰሜን ኢጣልያ ከተማ ውስጥ ሳለ በማርቆስ አንቶንዮስ ጦር ተከቦ ነበር። ሊረዳው የመጣው ቆንሱል ሂርቲዩስ ወደ ከተማዪቱ መልእክት የሚያስገባበት መንገድ ስላጣ በእርግቦች ተጠቀመ። የጦር ዘዴዎችን ሰብስቦ የጻፈው ፍሮንቲኑስ ነገሩን እንዲህ ይተርከዋል። ሂርቲዩስ እርግቦቹን በጨለማ ቤት ዘግቶ አስራባቸው፤ ከዚያም ደብዳቤውን በአንገታቸው አስሮ በተቻለው መጠን ወደ ቅጥሩ ቀርቦ ለቀቃቸው። እነርሱም ብርሃንና ምግብ ናፍቀው ስለ ነበረ ከፍ ወዳሉት ሕንፃዎች በረሩ፤ ብሩቱስም እየያዘ ደብዳቤውን ተቀበለ። ቆየት ብሎም ብሩቱስ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ እህል እያኖረ እርግቦቹ እዚያ መውረድን እንዲለምዱ አደረጋቸው።

ከዚህ ታሪክ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እህሉ ለበረራው ኃይል እንዲሆን የተሰጠ አለመሆኑ ነው። ሂርቲዩስ የተጠቀመው በረኃብ፣ ብሩቱስ የተጠቀመውም በማማለያ ነው። መንገዱ አጭር ስለ ነበረ የተራበችው እርግብ ልትወጣው ቻለች። እንደዚህ ያለው ዘዴ ለአንድ ሰዓት በረራ ይበጅ ይሆናል፤ ለአንድ ቀን በረራ ግን አይበጅም።

በዚያው ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ገደማ፣ ሊቁ ቫሮ ስለ እርሻ በጻፈው በሦስተኛው መጽሐፉ ስለ እርግብ ቤት አሠራርና ስለ ቀለቡ ይናገራል። የእህሉ ገንዳ በግድግዳው ዙሪያ እንዲሆንና ከውጭ በቧንቧ እንዲሞላ ይመክራል። ከዘረዘራቸው እህሎች መካከል ስንዴ፣ ገብስ፣ አተርና ሌሎችም ጥራጥሬዎች ይገኛሉ። የአገራችን ገበሬ ይህን ዝርዝር ቢያነቡለት የራሱን ጎተራ የቈጠሩበት ሊመስለው ይችላል። በቆሎ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በቆሎ ወደ አውሮፓ የገባው ኮሎምቦስ በ1492 አሜሪካን ካገኘ በኋላ ነውና።

ነገር ግን የቫሮ እርግቦች የሚቀለቡት ለማዕድ ነበር። ስለዚህ ሮማውያን ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ነበሯቸው ማለት እንችላለን። ለገበታ የምትታረደውን እርግብ በእህል ያደልቡ ነበር፤ መልእክት የምታደርሰውን ደግሞ በረኃብ ይመሩ ነበር። ሁለቱን ዕውቀት በአንዲት ወፍ ላይ ማስማማት ለኋለኞቹ ትውልዶች የቀረ ሥራ ሆነ።

2. ስለ እርግብ አበላል

ወደሚቀጥለው ዘመን ከመሻገራችን በፊት፣ ቀለብ መምረጥ ለምን እንደሚያስቸግር እንዲገባን፣ እርግብ እንዴት እንደምትበላ ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልገናል።

እርግብ ጥርስ የላትም፤ እህሉን ሳትሰባብር ትውጠዋለች። የተዋጠው እህል በመጀመሪያ ከአንገቷ በታች ባለው ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ይርሳል። ከዚያ ወደ ጨጓራዋ ይወርዳል፤ በዚያም ጠንካራ ጡንቻ ያለው ክፍል፣ እርግቢቱ ከእህሉ ጋር በዋጠቻቸው ትንንሽ ጠጠሮች እየታገዘ ይፈጨዋል። ስለዚህ ጠጠር ለእርግብ የወፍጮ ድንጋይ ነውና ከቀለቧ ተለይቶ አይታይም። አንዲት እርግብ በተራ ቀን የሚበቃት ጥሬ 30 ግራም ያህል ነው።

ጫጩቶቿን የምታሳድግበት መንገድም ከብዙ ወፎች የተለየ ነው። ወንዱም ሴቲቱም በዚያ በአንገታቸው ሥር ባለው ከረጢት ግድግዳ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነገር ያወጣሉ፤ ጫጩቶቹም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚያድጉት በእርሱ ነው። ይህን የሚያዘው ሆርሞን ፕሮላክቲን መሆኑ የታወቀው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦስካር ሪድል የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በእርግቦች ላይ ባደረገው ምርመራ ነው። እንግዲህ በመራቢያ ወራት ያለች እርግብ የሚያስፈልጋት ቀለብ፣ ለውድድር ከምትዘጋጀው እርግብ ቀለብ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

3. እሽቅድድሙ እንደ ተጀመረ

በ19ኛው መቶ ዓመት በቤልጅግ፣ በኋላም በእንግሊዝ አገር፣ እርግብ ማሽቀዳደም የሠራተኛው ሕዝብ ትልቅ ጨዋታ ሆነ። የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ለዚህ ብዙ ረድቷል፤ እርግቦቹን በቅርጫት አድርጎ ሩቅ አገር ወስዶ መልቀቅ የተቻለው በባቡር ነውና። ቴሌግራፍ ከተስፋፋ በኋላ መልእክተኛ እርግብ የምትጠፋ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከመስከረም 1870 እስከ ጥር 1871 ድረስ ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር በተከበበች ጊዜ የእርግብ ዋጋ እንደ ገና ታወቀ። እርግቦቹ በባሉን ተጭነው ከከተማዪቱ ይወጡ ነበር፤ ሲመለሱም በፎቶግራፍ እጅግ ተቀንሰው በቀጭን ፊልም ላይ የታተሙ በሺህ የሚቈጠሩ መልእክቶች ይዘው ይገቡ ነበር። በዚያን ጊዜ የፓሪስ ሰው ድመትና አይጥ እስከ መብላት ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ለአንዲት ወፍ እህል ሰፍሮ መስጠት ቀላል ነገር እንዳልነበረ አንባቢው ሊገምተው ይችላል።

የውድድሩ ሥርዓት በቀለብ ላይ ያመጣው ነገር ስላለ እርሱንም ማስረዳት ይገባናል። እርግቦቹ በአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት ይለቀቃሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዷ የምትሄደው ወደ የባለቤቷ ቤት ነው። የቤቶቹ ርቀት ስለሚለያይ አሸናፊዋ የምትታወቀው ርቀቱን ለጊዜው በማካፈል በሚገኘው ፍጥነት ነው። በቀድሞው ልማድ ባለቤቱ በእግሯ ላይ የታሰረውን የላስቲክ ቀለበት አውልቆ በልዩ ሰዓት ውስጥ እስኪከተው ድረስ እርግቢቱ እንደ ደረሰች አይቈጠርም ነበር። ዛሬ ብዙ አርቢዎች በኤሌክትሮኒክ ቀለበት ቢጠቀሙም እርግቢቱ ወደ ቤቷ መግቢያ መውረዷ አሁንም ግዴታ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የበረረች እርግብ ጣራው ላይ አንድ ደቂቃ ብትቀመጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያተረፈችውን መንገድ ታጣለች። አርቢዎች የእህል ጣሳ እያንቀጫቀጩ ወይም እያፏጩ እርግቦቻቸውን የሚጠሩት፣ ከልምምድ በረራ በፊትም የማያጠግቧቸው ስለዚህ ነው። ብሩቱስ በሞዴና ጣራ ላይ ያኖረው እህል ከ1,900 ዓመት በኋላ በቤልጅግና በእንግሊዝ ጓሮዎች ውስጥ ተመልሶ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

4. የባቄላው ክርክር

በእንግሊዝ አገር የአርቢዎቹ ዋና ቀለብ ደቃቅ ባቄላና አተር ነበር፤ በቆሎም በኋላ ተጨመረ። ከዚህም የተነሣ ረጅም ክርክር ተፈጠረ። ባቄላ ጡንቻ ይሠራል፣ ብርታት ይሰጣል፤ በቆሎ ግን ያወፍራል፣ ያሰንፋል የሚሉ አርቢዎች ብዙ ነበሩ።

ይህ እምነት የአርቢዎቹ ብቻ አልነበረም። በ1840ዎቹ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሊቢኽ ጡንቻ የሚሠራው የራሱን ፕሮቲን እያቃጠለ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ብዙ የሚሠራ ሰውም ሆነ እንስሳ ብዙ ፕሮቲን መብላት አለበት ማለት ነው። በ1865 ፊክና ቪስሊትሴኑስ የተባሉ ሁለት መምህራን ነገሩን በገዛ አካላቸው ፈተኑት። ፕሮቲን የሌለበት ምግብ፣ ይኸውም ስታርች፣ ስብና ስኳር ብቻ እየበሉ በስዊስ አገር ፋውልሆርን የሚባለውን ተራራ ወደ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወጡ። በሽንታቸው ውስጥ የወጣውን ናይትሮጅን ለክተው ያቃጠሉትን ፕሮቲን ሲያሰሉት፣ ያ ፕሮቲን ለወጡበት ድካም የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። የጡንቻ ዋና ማገዶ ሌላ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ታዲያ የባቄላ ወዳጆች ፈጽመው ተሳስተው ነበርን? አልነበረም ብለን እናምናለን። ባቄላ ከመቶ 25 ያህል፣ አተርም ከመቶ 22 ያህል ፕሮቲን አላቸው፤ የበቆሎ ፕሮቲን ግን ከመቶ 9 ያህል ነው። ጫጩት ለማሳደግ፣ የተጎዳ ጡንቻ ለመጠገን፣ ይልቁንም በየዓመቱ የሚረግፈውን ላባ በአዲስ ለመተካት ፕሮቲን የግድ ያስፈልጋል፤ ላባ ራሱ የተሠራው ከፕሮቲን ነውና። ስለዚህ ስሕተቱ ያለው ከእህሉ ላይ ሳይሆን ከጊዜው ላይ ነው። ባቄላ ለመራቢያና ላባ ለመለወጫ ወራት ትክክለኛ ቀለብ ሲሆን፣ እነርሱ ግን የበረራ ማገዶ አድርገው አሰቡት።

5. የተፈተገ ሩዝ ያስተማረው

ስለ ቀለብ ያለን ዕውቀት ሁሉ ከሊቃውንት ወደ አርቢዎች የወረደ ብቻ አይደለም። አንድ ታላቅ ዕውቀት ደግሞ ከወፎች ቤት ወደ ሰው ማዕድ ወጥቷል።

በ1890ዎቹ ሆላንዳዊው ሐኪም አይክማን በጃቫ ደሴት በባታቪያ፣ በዛሬይቱ ጃካርታ፣ ቤሪቤሪ የሚባለውን እግር የሚያሰንፍ በሽታ ይመረምር ነበር። ለምርመራ ያስቀመጣቸው ዶሮዎች ቤሪቤሪ የያዘውን ሰው በሚመስል አኳኋን ታመሙ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሳይታከሙ ዳኑ። ሲጠየቅ፣ ዶሮዎቹ ለጊዜው ከወታደሮች ሆስፒታል የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ እንደ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ የተተካው ወጥ ቤት ግን የወታደር ሩዝ ለዶሮ አልሰጥም በማለቱ ወደ ተራው፣ ገለባው ወዳልተፈተገው ሩዝ እንደ ተመለሱ ታወቀ። የአንድ ወጥ ቤት ቁጠባ ለሳይንስ መንገድ ከፈተ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ እርግብ ወደ ታሪኩ ትገባለች። ካሲሚር ፈንክ የተባለው የፖሎኝ ተወላጅ ለንደን በሚገኘው በሊስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ እርግቦችን የተፈተገ ሩዝ ብቻ እያበላ ይመረምር ነበር። እርግቦቹ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ እየተቈለመመ ይወድቁ ነበር፤ ከሩዝ ገለባ የተጣራውን ነገር ሲሰጣቸው ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይነሡ ነበር። ፈንክ በ1912 ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ቪታሚን» የሚለውን ስም ሰጠው። ዛሬ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ይህ ቃል የተወለደው ስለ እርግብ ቀለብ በተደረገ ምርመራ ጊዜ ነው።

ለአርቢዎችም ትምህርቱ ግልጽ ነበር። በአንድ እህል ብቻ የሚቀልብ ሰው፣ እህሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እርግቦቹን ለአደጋ ያጋልጣል። የድሮዎቹ አርቢዎች ገብሱን፣ ስንዴውን፣ አተሩንና በቆሎውን መቀላቀላቸው፣ ምክንያቱን ባያውቁትም፣ ጥበብ ነበር።

6. ጦርነትና የእህል ራሽን

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እርግብ የጦር ሠራተኛ ሆነች። ብሩክሰል ከተማ ውስጥ በ1931 ለወታደር እርግብ መታሰቢያ ሐውልት የቆመው በአንደኛው ጦርነት ስለ ሰጠችው አገልግሎት ነው።

በሁለተኛው ጦርነት እንግሊዝ አገር በመርከብ የሚመጣላት እህል በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ስለ ተሰናከለ ምግብ በራሽን ሆነ። ለሰው የሚሆን እህል በወቄት እየተመዘነ በሚሰጥበት ጊዜ ለእርግብ እህል መስጠት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነበር። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ የሚከተለው ነው። የብሔራዊ የእርግብ አገልግሎት ተቋቋመ፤ በዚህም ማኅበር ተመዝግቦ እርግቦቹን ለጦሩ ሥራ የሚያቀርብ አርቢ የእህል ራሽን ይሰጠው ጀመር። በጦርነቱ ዘመን አርቢዎች ለጦሩ ክፍሎች ያቀረቧቸው እርግቦች 200,000 ያህል ይሆናሉ።

የነገሩን ክብደት በቍጥር ብናየው ይሻላል። በአንድ ጊዜ 100,000 እርግቦች ይቀለቡ ነበር ብለን ብናስብ፣ ለእያንዳንዷ 30 ግራም ሲሰፈር በቀን 30 ኩንታል እህል ይፈጃል። ይህን እህል ለወፍ መስጠት ትክክል ነበርን? እኛ እንደሚመስለን መልሱ የሚገኘው እርግቦቹ ከሠሩት ሥራ ነው። በየካቲት 1942 አንድ የጦር አውሮፕላን በሰሜን ባሕር ላይ ወድቆ ሳለ ከሠራተኞቹ ጋር የነበረችው ዊንኪ የተባለች እርግብ 120 ማይል ያህል በርራ ስኮትላንድ ውስጥ ወዳለው ቤቷ ደረሰች፤ ሰዎቹም በዚህ ምክንያት ተፈልገው ዳኑ። በ1943 ዓመት መጨረሻም ዲኪን የሚባለውን ሜዳልያ በመጀመሪያ ከተሸለሙት እርግቦች አንዷ እርስዋ ሆነች።

ከዚህ ሌላ ኮሎምባ በተባለው ዘመቻ ከ1941 እስከ 1944 ድረስ ከ16,000 የሚበልጡ እርግቦች በጀርመን በተያዙት አገሮች ላይ በትንንሽ ጃንጥላ ተጣሉ። በእያንዳንዷ ሣጥን ውስጥ የጥያቄ ወረቀት፣ እርሳስና አንዲት ከረጢት እህል ነበረ። ያገኛት ሰው መልሱን እስኪጽፍ ድረስ እህሉን ይሰጣታል፤ ከዚያም ይለቃታል። የተመለሱት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹን ጭልፊት በላቸው፤ አንዳንዶቹን ጠላት ያዛቸው፤ በተራበ ሰው እጅ የገባችም እርግብ ለድስት ብትውል የሚያስደንቅ አይደለም። ያች ከረጢት እህል ለተራበው ቤተሰብ ታላቅ ፈተና እንደ ነበረች እናስባለን። እህሉን ለወፊቱ ሰጥቶ እርስዋንም መልቀቅ ከሞት ፍርሃት በላይ ረኃብን ማሸነፍ ይጠይቅ ነበርና፣ መልእክት ጽፈው የላኩት ሰዎች ሊከበሩ ይገባል።

7. የስብ ነገር

ከጦርነቱ በኋላ የበረራው ማገዶ ምን እንደሆነ በትክክል ተመረመረ። በ1950ዎቹ በሕንድ አገር በባሮዳ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ የተባለው መምህርና ተማሪዎቹ የእርግብን የደረት ጡንቻ መረመሩ። ጡንቻው ከሁለት ዓይነት ክሮች የተሠራ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ቀያይ ክሮች ስብ የሞላባቸው ሲሆኑ፣ ወፋፍራሞቹ ነጫጭ ክሮች ግሊኮጅን የሚባለውን የስታርች ዓይነት ይይዛሉ። ለረጅም ጊዜ የሚቈየው በረራ የሚሠራው በስብ መሆኑን እነርሱ አስረዱ። በ1980ዎቹም በጀርመን አገር በዛርብሩከን ዩኒቨርሲቲ እርግቦችን ነፋስ በሚነፍስበት ሰው ሠራሽ ዋሻ ውስጥ እያበረሩ ትንፋሻቸውን በለኩ ጊዜ፣ በረራው በረዘመ መጠን የሚቃጠለው በአብዛኛው ስብ መሆኑ እንደ ገና ታየ።

ምክንያቱም ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ያህል ኃይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ያህል ነው። ከዚህም በላይ ግሊኮጅን በአካል ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ውሃ ይዞ ስለሆነ ይከብዳል፤ ስብ ግን ያለ ውሃ ይቀመጣል። በክንፉ ለሚጓዝ ፍጥረት የስንቁ ቅለት ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ዕውቀት መሠረት የቤልጅግና የሆላንድ አርቢዎች የቀደመ ልማድ ትርጕም አገኘ። እነርሱ እርግቧ ከውድድር እንደ ተመለሰች በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ገብስ የበዛበት ቀላል ቀለብ ይሰጧታል፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ሲቃረብ በቆሎውን ያበዛሉ፤ ለረጅም ርቀት ከሆነም እንደ ለውዝ ያሉ ቅባት ያላቸውን ዘሮች ይጨምራሉ። ለአጭር ርቀት ግን ስቡ ሸክም እንዳይሆን ይቀንሱታል። ገብሱ ሌላም አገልግሎት አለው። እርግብ ገለባ ያለበትን ገብስ የምትለቅመው ከሌላው እህል በኋላ ስለሆነ፣ ገብሱን መተው ስትጀምር መጥገቧ ይታወቃል። ሚዛን የሌለው ድኻ አርቢ ሚዛኑ ገብስ ነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከመግቢያችን ላይ ያነሣነው ችግር ገና አልተፈታም። በስብ የተቀለበችው እርግብ ጣራ ላይ ብትቀመጥ ምን ይደረጋል? ለዚህም የቤልጅግ አርቢዎች ሌላ ዘዴ አበጁ። ወንዱን ከሴቲቱ ለይተው ያቈዩታል፤ ከውድድሩ በፊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያሳዩታል፤ ሲመለስም ያገናኙታል። ስለዚህ ወንዱ የሚቸኩለው ለእህል ሳይሆን ለጓደኛው ነው። በዚህ ዘዴ ረኃብ የነበረውን ሥራ ናፍቆት ተካው፤ ቀለቡም ለኃይል ብቻ እንዲውል ነፃ ወጣ። ከባርሴሎና ተነሥተው ወደ ቤልጅግ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርሩት እርግቦች በረኃብ ተገፍተው ይህን መንገድ ሊወጡት አይችሉም ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው ሂርቲዩስ ረኃብን ብቻ ያውቅ ነበር፤ ቫሮ ጥጋብን ብቻ ያውቅ ነበር፤ የእንግሊዝ አርቢዎች በባቄላ ብርታት ያምኑ ነበር፤ ሊቃውንት ደግሞ በተራቸው ቪታሚንን፣ ከዚያም ስብን አገኙ። እያንዳንዱ የያዘው እውነት ነበረው፤ ስሕተት የሆነው አንዱን እውነት ለሁሉም ጊዜ ማዋል ነው። ትክክለኛ ቀለብ የሚባል አንድ እህል የለም። ለጫጩት አሳዳጊዋ አተርና ባቄላ፣ ለዕረፍት ገብስ፣ ለሩቅ መንገድ በቆሎና ቅባት ያለው ዘር፣ ለሁሉም ጊዜ ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። የበሬውን ቀለብ ከእርሻው ወራት ጋር የሚያስማማ የአገራችን ገበሬ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለንም።

በ2020 አንዲት የቤልጅግ እርግብ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣባትም እርግብ የምትለቅመው ያንኑ ገብስ፣ ያንኑ አተርና ያንኑ በቆሎ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚቀልበው ሰው ዓይን ነው።

ጓደኞቻችን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንወዳለን። ገብሱን እንደ ሚዛን የተጠቀመው፣ እህሉንም የቀላቀለው ያልተማረ ሠራተኛ ነበር፤ የኮሌጅ ሰዎች ምክንያቱን ያገኙለት ቆይተው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ሠራተኛ የባቄላን ነገር ያለ ምርመራ ስላመነ ተሳስቷል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች የአባቶችን ልምድ መናቅም ሆነ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባንም። ፈትኖ መያዝ የእኛ ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይም ስሕተት ቢገኝ መምህራንና ጓደኞቻችን ፈትነው እንዲያርሙን እንለምናለን።

ለእነዚያ ለትምህርት ቤታችን እርግቦች ፍርፋሪ ስንበትን ያሰብነው ማጥገባቸውን ብቻ ነበር። ዛሬ ብንመለስ ግን እህሉን ከመዝገናችን በፊት ወዴት እንደሚበርሩ እንጠይቅ ነበር።